የግማሽ አሞሌ ጭማሪ

ያቺ አገር ስም ነበራት። ነገር ግን ስሟን መጥራት ግብር ስለሚያስከፍል ሰው ሁሉ «አገራችን» ብቻ እያለ ኖረና ስሟ ከአፍ ጠፋ። እኔም ግብሩን የምከፍልበት ስለሌለኝ አገራችን እያልኩ እነግራችኋለሁ። የማን አገር እንደሆነች እናንተው ድረሱበት።

በአገራችን ገንዘቡ ጨው ነበር፤ በልጥ ታስሮ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጥርብ አሞሌ። ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ሁለቱን ዳር የሚያገናኘው አንድ የገመድ ድልድይ ነው። የድልድዩን ገመድ የሚጠብቀው ደምለው የሚባል ሰው ነበር። ቃጫ ይገምዳል፣ ያረጀውን ፈትቶ አዲሱን ያስራል። ሚስቱ አሰገደች ከወንዙ ማዶ ባለው የክር ማቅለሚያ ቤት ትሠራለች። ክሩን በፈላ ቀለም እየነከረች ስለምታወጣ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው። ገበያ ስትወጣ ነጋዴዎቹ እጇን ያዩና «ይቺ የማቅለሚያ ቤት ሰው ናት፤ ብዙ የላትም» ብለው ቶሎ ይቀንሱላታል።

የእሱ ደመወዝ በወር ሰባት አሞሌ ነው፣ የእሷ ስድስት። በአንዱ ደመወዝ ወር አይገፋም፤ በሁለቱ እንደ ምንም ይገፋል። ተጋብተው በአራተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ትርንጎ አሏት።

አሁን የአገራችንን የሕፃን ሕግ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ሕጉ አጭር ነው። ሕፃን በሥራ ቦታ አይታይ። ሕፃን ብቻውን አይዋል። ሕፃን የሞግዚትነት ፈቃድ ማኅተም ከሌለው ሰው ጋር አይዋል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ክፉ ሕግ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ሕፃን ከፈላ ቀለም ውስጥ ወድቋል፤ ሌላው ብቻውን ተትቶ ወንዝ ወስዶታል፤ አንዱን ደግሞ ማን ይዞት እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሕጉን ያወጡት ልባቸው የተሰበረ ሰዎች ናቸው ይባላል። ሦስቱ ሕጎች ግን በአንድ ጠዋት በአንድ ድሃ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ እናት መውጫ ታጣለች።

በመጀመሪያ የአሰገደች እናት የልጅ ልጃቸውን ሊይዙ ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን የማኅተም ተቆጣጣሪ በሩን አንኳኳ።

«ይህች ማን ናት?»

«እናቴ ናት። የልጄ አያት።»

«ማኅተም አላት?»

«አያት ናት እኮ» አለች አሰገደች።

«የጠየቅኩሽ ማኅተሟን ነው፤ ዝምድናዋን አይደለም» አለና ቅጣት ጽፎ ሄደ። አሮጊቷ በማግሥቱ ስንቃቸውን ቋጥረው ተመለሱ።

ማኅተም ካላቸው ሞግዚቶች ለእነ ደምለው ቤት የሚቀርቡት እትዬ ዘርትሁን ነበሩ። ባዶ የቀረ የእህል ጎተራ ጠርገው፣ ሰሌን አንጥፈው፣ ሰባት ሕፃናት ይይዛሉ። የአንዱ ገንፎ ለሌላው እንዳይሄድ በየልጁ አንጓ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ያስራሉ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን የትኛው ልጅ ወተት እንደሚያስመልሰው፣ የትኛው ካልታዘለ እንደማይተኛ ከእናቶቹ ይበልጥ ያውቃሉ። ትርንጎ ስምንተኛ ሆና ገባች።

ክፍያው በወር አምስት አሞሌ ነው። አሰገደች ስትሰማ ክው አለች፤ ከደመወዟ የሚተርፋት አንድ አሞሌ ብቻ ነው። እትዬ ዘርትሁን ሳይቀየሙ በጣታቸው ቆጠሩላት።

«ሁለቱ የማኅተሜ ግብር ነው ልጄ። አንዱ የጎተራው ኪራይ። አንዱ የልጅሽ ገንፎና ወተት። አንዱ እኔ ነኝ።»

አሰገደች ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው አንስታ አታውቅም።

ለአንድ አሞሌ ብሎ መሥራት ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ከማቅለሚያ ቤት የለቀቀ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ የተፋቀ ስም ደግሞ ሰባት ዓመት ካልሞላው ተመልሶ አይጻፍም። ትርንጎ እስክታድግ ቤት የተቀመጠች እናት፣ ልጇ ካደገች በኋላም ሥራ የላትም ማለት ነው።

አገራችንን የሚገዛው መንበር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ደግ ነኝ የሚል መንበር ስለሆነም ለሠራተኛ ወላጆች «የእቅፍ ድጎማ» የሚባል ነገር አቆመ። ከአምስቱ አሞሌ ሦስቱን መንበሩ ይከፍላል። በአዋጅ ነጋሪ ሲነገር ሴቶች እልል ብለዋል። ዝርዝሩ የተነገረው ግን እልልታው ካለቀ በኋላ ነው። ድጎማው የሚሰጠው በየሦስት ወሩ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ነው። መክፈል የማይችል ሰው እንዲረዳ፣ መጀመሪያ መክፈል መቻሉን ማሳየት ነበረበት።

ስለዚህ ደምለው ከገበያው ጨው አበዳሪ ዐሥር አሞሌ ወሰደ። በዓመቱ ዐሥራ አምስት አድርጎ ሊመልስ ተፈራረመ። ሦስት ወር ከፍለው የእትዬ ዘርትሁንን የጣት አሻራ ያለበትን ደረሰኝ ይዘው፣ ሁለቱም አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው፣ ትርንጎን አዝለው ወደ እቅፍ መሥሪያ ቤት ሄዱ።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ እንዲህ ይላል። እናትም አባትም ራሳቸው ይቅረቡ። ሕፃኑም ለመኖሩ ማስረጃ ራሱ ይቅረብ። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ሕፃን ወደ መሥሪያ ቤቱ አይግባ ይላል። ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሕፃን በመዝገብ ላይ ሸንቶ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ስም ታጥቧል፤ እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ እንዳልተወለዱ ይቆጠራሉ።

በረኛው ትርንጎን ሲከለክል ደምለው ልጅቷን ይዞ ውጭ ቀረ፤ አሰገደች ገባች። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሊቀ ማኅተም ወሰንየለህ ይባላሉ። ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ወረቀቱን አገላበጡ።

«ባልሽስ?»

«ልጅቷን ይዞ ውጭ ቆሟል ጌታዬ።»

«ስለዚህ ባል አልቀረበም፤ ልጅም አልቀረበችም።»

ወጥታ እሱን አስገባችው። «ሚስትህስ?» ተባለ። በሦስተኛው ትርንጎን ለበረኛው ሊሰጡ ሲሞክሩ በረኛው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ማኅተም የለኝም» አለ።

ከሊቀ ማኅተሙ ጀርባ ቀለመወርቅ የሚባል ጸሐፊ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ። ከወንበሩ ተነሥቶ ትልቁን መዝገብ አቀፈ።

«ጌታዬ፣ መዝገቡ ሻጋታ ይዞታል። ትንሽ አየር ላስመታው» አለ።

ፈቃድ አገኘና መዝገቡን በሩ ደፍ ላይ ዘረጋ። ባልና ሚስቱን ከደፉ በስተ ውስጥ አቆማቸው። «አሁን ልጅቷን ከደፉ ወደ ውጭ አሳልፋችሁ ያዟት» አላቸው። አራት እጅ ትርንጎን አየር ላይ አንጠልጥሎ ያዘ፤ እሷም ተንጠልጥላ ሳቀች። ቀለመወርቅ ቀና ብሎ አያትና «እናት ቀርባለች፣ አባት ቀርቧል፣ ልጅ ታይታለች» ብሎ ጻፈ። ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀና መዝገቡን ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድም ሕግ አልተጣሰም።

እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ድጎማ በየካቲት መጣ፣ ዘጠኝ አሞሌ። ሁለተኛው በግንቦት መጣ፤ እሱም ዘጠኝ። ሦስተኛው በነሐሴ ዝናብ መጣና ዘጠኝ ተብሎ የተላከው ስድስት ተኩል ሆኖ ደረሰ።

«ጨው ነው፤ ይቀልጣል» አላቸው ከፋዩ። «ዘጠኝ ብላችሁ ፈርሙ።»

ፈረሙ። ምን ያደርጋሉ?

በዚያው ዓመት ጳጉሜ ሦስት ቀን የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት አሰገደችን ጠራት። የነከረችውን ክር ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ቆየና «ያንቺ ሰማያዊ አይለቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ አሞሌ ጨምሬልሻለሁ» አላት። አሰገደች በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ማንም ሥራዋን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶላት አያውቅም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ማር ገዛች፤ በትርንጎ ገንፎ ላይ ጠብ አደረጉላትና ልጅቷ ማንኪያውን አልለቅም አለች። ደምለውም «በሚመጣው ዓመት ከአበዳሪው እንላቀቃለን» አለ። አዲስ ዓመትን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ደብዳቤ መጣ። የእቅፍ ድጎማ የሚገባው የቤቱ ገቢ ከዐሥራ ሦስት አሞሌ ለማያልፍ ነው፤ እናንተ በግማሽ አሞሌ አልፋችሁ ተገኝታችኋል፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሰጣችሁ ሃያ ሰባት አሞሌ በዐርባ ቀን ውስጥ ይመለስ፤ ባይመለስ ሕፃኗ ከሞግዚት መዝገብ ትሰረዛለች ይላል። ከሞግዚት የተሰረዘች ሕፃን ቤት ትውላለች። ሕፃን ቤት ከዋለች እናቷም ቤት ትውላለች። ደብዳቤው ይህን አልጻፈውም፤ መጻፍ አላስፈለገውም።

ሁለቱም እንደገና ከሥራ ቀርተው መስኮቱ ፊት ቆሙ።

«ግማሽ አሞሌ ነው እኮ ጌታዬ» አለ ደምለው። «ግማሹን እንመልስ።»

«ወሰን ወሰን ነው» አሉ ሊቀ ማኅተም ወሰንየለህ። «በአውራ ጣትህም ተሻገር፣ በመላ አካልህም ተሻገር፣ ማዶ ነህ።»

«እንግዲያ ጭማሪውን ልተወው» አለች አሰገደች።

«ጭማሪ መመለስ አሠሪን መናቅ ነው። ቅጣቱ አንድ አሞሌ።»

«ሦስተኛው ድጎማ የደረሰን እኮ ስድስት ተኩል ሆኖ ነው።»

«ዘጠኝ ብላችሁ ፈርማችኋል። ጨው ሲሰጥ ይቀልጣል እንጂ ሲመለስ አይቀልጥም።»

ሊቀ ማኅተሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ማለት ተገቢ ነው። የባልና ሚስቱን ፊት አይተው ከመስኮቱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንደ አባት ልምከራችሁ። ተፋቱ። ስትፋቱ ሁለት ቤት ትሆናላችሁ፤ የሁለታችሁም ገቢ ለየብቻው ከወሰኑ በታች ነው። ዕዳው ይነሣል፣ ድጎማውም ይቀጥላል። ወረፋ የቆሙትን አያችኋቸው? ግማሾቹ የተፋቱ ናቸው። ይኸው አብረው ቆመው ይሳሳቃሉ።»

ባልና ሚስቱ ዞረው አዩ። እውነት ነበር። አንዱ የተፋታ ባል የተፋታች ሚስቱን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ያስተካክልላት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ድልድዩ መሃል ላይ ደምለው ቆመ። በሥራ ልማድ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ቋጠሮውን ያያል። አሰገደችም አጠገቡ ቆመች።

«ወረቀት ነው እኮ» አለች። «ቤታችን ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም።»

«ወረቀት ቀላል ቢሆን ኖሮ ይኼ ደብዳቤ ባልከበደን» አለ ደምለው።

«ብዙ ሰው አድርጎታል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም።»

«ክፉ ናቸው አላልኩም። ግን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር እኔ በጓሮ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። አንድ ቀን ትርንጎ አባዬ ለምን በጓሮ ይወጣል ትልሻለች። ምን ትያታለሽ?»

የአሰገደች ልብ ሁለት ቦታ ነበር። ከሴት ሁሉ ቀድማ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ ልጅ አጥባ፣ ድልድይ ተሻግራ ያቆየችው ሥራ ነው። «ይህ አይሆንም ካልክ እንግዲያ እኔ ልልቀቅ» አለች በመጨረሻ። «ልጅቷን ዛሬውኑ ብናስወጣት የመጨረሻ ደመወዜ ለሞግዚት ሳይሄድ ይተርፈናል። እሱን ለዕዳው እናደርገዋለን።»

ደምለው ሰማያዊ እጇን ያዘና ቀሪውን ድልድይ ተሻገሩ።

በማግሥቱ ጠዋት አሰገደች ትርንጎን አዝላ ወደ ጎተራው ሄደች። ልጅቷን ልታስቀምጥ አልነበረም፤ ለማሰናበት ነው። እትዬ ዘርትሁን ገንፎ እያማሰሉ አገኘቻቸው። ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸውና ክሩን ከትርንጎ አንጓ እንዲፈቱላት ጠየቀች።

እትዬ ዘርትሁን ማማሰያውን አላቆሙም።

«ዕዳ ያለበት ማነው? ልጅቷ ናት?»

«እኛ ነን እትዬ።»

«እንግዲያ የእሷን ክር ለምን እፈታለሁ?»

«የምከፍልዎት የለኝም። የዚህን ወርም፣ የሚመጣውንም።»

«የማኅተሙን ሕግ ሰው ይዤ ዐርባ ጊዜ አስነብቤዋለሁ» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ሞግዚት ክፍያ ትቀበል ይላል። መቼ ትቀበል አይልም። ዛሬም ልቀበል፣ ለከርሞም ልቀበል፣ ተቀባይ ነኝ። ለመሰረዝ ደግሞ ዐርባ ቀን አለን ብለሻል። በዐርባ ቀን ሰው ሁዳዴን የሚያህል ጾም ጀምሮ ሊጨርስ ምን ቀረው?»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?»

«ስምንት ሰሃን የሚልስ ሰው አይራብም።» ማማሰያውን አስቀምጠው ትርንጎን ከጀርባዋ አወረዱ። «አሁን ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል። ማታ ልጆቻችሁን ስትወስዱ ግን ሁላችሁም አንድ ጊዜ ተቀመጡልኝ፤ የምነግራችሁ አለኝ።»

አሰገደች ሄደች። ስትሄድ ወደ ኋላ አላየችም።

ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ስምንት ቤተሰብ ጎተራው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጠ። እትዬ ዘርትሁን ነገሩን አሳጥረው ተናገሩና እቁብ እንጀምር አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት በወር ሁለት ሁለት አሞሌ ይጥላል፣ በየወሩ አንድ ቤት ዐሥራ ስድስቱን ያነሣል፣ የመጀመሪያው ያለ ዕጣ ለእነ ደምለው ይሆናል።

በላስታ የሚባል አንድ ድንጋይ ጠራቢ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ እዚሁ ጎተራ ይውላል፤ የቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ ሁሉም ያውቃል።

«ዕዳ ያለብን ሁላችንም ነን» አለ። «ያለ ዕጣ የሚባል ነገር ዛሬ ለእነሱ፣ ነገ ለማን ሊሆን ነው?»

ደምለው አንገቱን ደፍቶ ቃጫ ያሻከረውን መዳፉን ያሻል። በላስታ አየው።

«የኔ አበዳሪ እስከ ጥር ይታገሠኛል» አለ ከዚያ። «የእነሱ መንበሩ ነው። መንበሩ መታገሥ አያውቅም። እሺ፣ ይውሰዱ። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለምዶናል።»

አንድ ችግር ቀረ። በአገራችን ጨው ለማዋጣት መሰብሰብ ማኅተም ይጠይቃል፤ የእቁብ ማኅተም ደግሞ ሃያ አሞሌ ነው። ከማኅተም ነፃ የሆነው እድር ብቻ ነው፤ መንበሩ ሙታንን ስለሚፈራ በቀብር ጉዳይ አይገባም። ስለዚህ እድር ነን አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪው፣ ያው የአሰገደችን እናት የመለሰው ሰው፣ ተሰብስበው ደረሰባቸው።

«የሞተባችሁ ማነው?»

«ገና አልሞተም» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«ታዲያ ለምን ትሰበሰባላችሁ?»

«ታሞብን ሰንብቷል። ዛሬ ነገ እያልን እየጠበቅነው ነው።»

«ዘመድ ነው?»

«የሁላችንም ነው ልጄ። የማይገባበት ቤት የለም።»

ተቆጣጣሪው ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። የገባው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ቆቡን አወለቀ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ፣ ከኪሱም የአሞሌ ስባሪ አውጥቶ «ለከፈን» ብሎ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ደምለውና አሰገደች ዐሥራ ስድስቱን አሞሌ ተሸክመው ወደ እቅፍ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ሃያ ሰባት አለመሙላቱን ያውቃሉ፤ ቀሪውን ጊዜ ስጡን ሊሉ ነው። ሊቀ ማኅተሙ ጨዉን ሚዛን ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ቀለመወርቅ ከኋላ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጭማሪውን ያገኘሽው መቼ ነው?» ሲል አሰገደችን ጠየቃት።

«ጳጉሜ ሦስት።»

«ጳጉሜ ሦስት» ብሎ ደገመ፤ ወደ አለቃው ዞረ። «ጌታዬ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ጳጉሜ ወር ናት?»

«አይደለችም። ምን ማለትህ ነው?»

«አዎ አይደለችም። ደመወዝ አይከፈልባትም፤ ዕለቷም አትቆጠርም። እኔ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ጳጉሜን በነፃ ሠርቻለሁ፤ ቅር አላለኝም፣ ደንብ ነው። ግን ጳጉሜ ከሌለች ይቺ ሴት ባለፈው ዓመት ጭማሪ አላገኘችም። ወሰኑንም አላለፈችም።»

መስኮቱ ፊት የቆመው ወረፋ ለመስማት ተጠጋጋ።

«ጳጉሜ አለች ካልን ደግሞ» አለ ቀለመወርቅ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ይህ መሥሪያ ቤት የጸሐፊዎቹን ሁሉ የዐሥራ ሁለት ዓመት የጳጉሜ ደመወዝ ሊከፍል ነው። እኔ እንዲህ ይሁን አልልም። ዝም ብዬ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሊቀ ማኅተም ወሰንየለህ ጸሐፊዎቻቸውን ቆጠሩ፤ ዓመታቱንም ቆጠሩ። ከዚያ ማኅተሙን አነሡ፣ በቀለም አረጠቡ፣ ደብዳቤው ላይ «ተሽሯል» የሚለውን መቱበት።

«ከመስከረም ወዲህ ግን ጭማሪው ይቆጠራል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ድጎማ ከእንግዲህ የላችሁም።»

«ገባን ጌታዬ» አለ ደምለው። «እግዜር ይስጥልን።»

ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተው በቀጥታ ወደ ጨው አበዳሪው ሄዱ። ዐሥራ አምስቱን ቆጥረው ሰጡት፤ ውሉን ተቀብለው ቀደዱት። የተረፈችውን አንዷን አሞሌ ለእትዬ ዘርትሁን ወሰዱ። እሳቸውም «ይቺ የኔዋ ናት» ብለው ተቀበሏት።

ነገሩ ሁሉ በማር አለቀ አልላችሁም። ድጎማው ተቋርጧል፤ አምስቱን አሞሌ በየወሩ ሙሉውን ይከፍላሉ፤ የእድሩን ሁለት አሞሌ ሌሎቹ ሰባት ቤቶች እስኪያነሡ ድረስ አንድም ወር ሳያጓድሉ ጣሉ። ያ ዓመት ጎመን የበዛበት ዓመት ነበር። በላስታ በጥር ተራው ደርሶት ጣሪያውን ሲሠራ ደምለው ሦስት እሑድ ሙሉ አብሮት ሠራ። ቀለመወርቅም ምሕረት አላገኘም። «አየር ይወዳል» ተብሎ ከጽሕፈት ተነሥቶ የድልድይ ተሻጋሪዎች ቆጣሪ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ድልድዩ ራስ ላይ ተቀምጦ እግር ይቆጥራል። አሰገደች ምሳ ስትቋጥር ሁለት አገልግል ትቋጥር ነበር፤ አንዱ ለባሏ፣ አንዱ ለእሱ። ቆጠራው እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁት «እዚህ የሚያልፈው ሰው ነው፤ እዚያ ወረቀት ነበር» ይላል።

ደንቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ወሰኑም እዚያው ነው፤ የተፋቱትም ሰዎች እዚያው ወረፋ ላይ ይሳሳቃሉ ይባላል። ትርንጎ ግን አደገች፤ ዛሬ የራሷ ሥራ ያላት ሴት ናት።

ይህን የነገረችኝ አሰገደች ራሷ ናት። ጡረታ ወጥታ፣ እጇ ላይ ያለው ሰማያዊ እየሳሳ ሄዶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር የትኛውን አብልጠሽ ታመሰግኛለሽ ብዬ ጠየቅኳት። የተሻረውን ደብዳቤ፣ ወይም ዐሥራ ስድስቱን አሞሌ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እትዬ ዘርትሁን ክሩን አልፈታም ያሉኝ ቀን» አለች። «ሥራዬ ላይ ደረስኩ፤ ክሩን ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ አሰጣሁ። ሌላ ቀን እጄ ቀለም ውስጥ ሆኖ ጆሮዬ ወንዝ ማዶ ነበር። ያን ቀን ቀና ስል ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ ለካ ልጄን ግማሽ ቀን ሙሉ ረስቻት ኖሯል። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ሳስበው ግን፣ እናት ልጇን ግማሽ ቀን የምትረሳው ሰው ሲኖራት ነው።»